የቁራ ተቆርቋሪዎች

በአደባባይ የሚለፈፍ ፍቅር ሲመረመር ከራስ ፍቅር አያልፍም። ጡረተኛዋ ፋርማሲስት ይህን ያወቀችው ታናሽ ወንድሟን አይታ ነው።

ወንድሟ የሰፈሩ ቁራ ጠባቂ ማኅበር ሊቀ መንበር ነበር። ማኅበሩ ኮፍያ አሰፍቷል፣ ባጅ አድሏል፣ ስብሰባ በስብሰባ ላይ ደርቧል፤ ቀና ብሎ ቁራ ያየ አባል ግን አልተገኘም። ቁራዎቹ ሊቀ መንበር እንዳላቸው ሳያውቁ በእኅትየዋ ግቢ ባለው ረጅም ዛፍ ላይ ጫጩታቸውን ያሳድጉ ነበር። እርሷ በየማለዳው ከበረንዳዋ ትመለከታቸዋለች፤ ስለ እነርሱ ስትል የምትወዳትን ድመት ለሌላ ሰፈር ሰው ሰጥታለች። ኮፍያ ግን የላትም።

አንድ ቀን ጫጩቱ ከጎጆው ወርዶ ከቁጥቋጦው ሥር ይዘል ጀመር። ክንፉ ያልጠና የቁራ ልጅ ወጉ ይህ ነው፤ እናትና አባቱ እየመገቡት ከመሬት መብረርን ይለማመዳል። በዚያው ቀን ማኅበሩ ግቢዋን ለምኖ በዓል ደግሶበት ነበርና ወንድሟ እንግዶቹን አስከትሎ ሲገባ ጫጩቱን አየው።

«የወደቀ ሕፃን!» ብሎ በድምፅ ማጉያው ጮኸ። ጓንት አጥልቆ አነሣው፤ በሽቦ ሳጥን ከትቶም በጠራራው ፀሐይ ከንግግሩ ጠረጴዛ ላይ አኖረው።

«አንተ፣ ምን እያደረግህ ነው?» አለችው ፋርማሲስቷ።

«እትዬ፣ በሰው ፊት አታዋርጂኝ። አዳንሁት እኮ!»

«ከማን? ከእናቱ?»

«ፎቶ እስክንነሣ ብቻ ነው።»

«እንግዲያስ ኮፍያህን ያዝ። እነዚያ ንግግር አይወዱም።»

አፏን ሳትዘጋ ሁለቱ ቁራዎች ከዛፉ ተወረወሩ። ኮፍያው በረረ፤ መላጣው ተነቆረ። እንግዶች ጠረጴዛ ሥር ገቡ። አባላቱ አልሸሹም፣ ዞር አሉ። ጸሐፊዋ «ቁራ ወዳጃችን ነው» የሚለውን ጨርቅ ተከናነበች። ዘበኛ ልጥራ ብሎ የሮጠው ገንዘብ ያዥማ የቁራ መልእክተኛ ሆኖ ቀረ።

ጫጩቱ አፉን ከፍቶ ያለከልክ ነበር። ትንሽ ቢቆይ በአዳኞቹ ፊት በሞተ። ፋርማሲስቷ ራሷን ሳትሸፍን በመካከላቸው አልፋ ክዳኑን ከፈተች። ቁራዎቹ በላይዋ ዞሩ እንጂ አልነኳትም። ጫጩቱም እየዘለለ ወደ ቁጥቋጦው ገባ።

ከዚያ ወዲህ ቁራዎቹ ከሰፈሩ ሰው ሁሉ አንዱን ብቻ መርጠው ያሳድዱት ጀመር። በሳምንቱ ሊቀ መንበሩ በጠራ ሰማይ ጃንጥላ ዘርግቶ መጣ።

«እትዬ፣ ማኅበሩ ጎጆው እንዲፈርስ ወስኗል። ዛፉ ያንቺ ስለ ሆነ ፈቃድሽን…»

«የትኛው ማኅበር? ቁራ ጠባቂው?»

«ለራሳቸው ለቁራዎቹም ደኅንነት ጭምር ነው።»

«እሰይ! ቤታቸውን አፍርሶ የሚጠብቃቸው አገኙ። ስማ፣ የእናቴ ልጅ፤ ከዚህ ዛፍ አንዲት ቅጠል አትነካም። ቁራ ያስቀየመውን ፊት አይረሳም። ፊትህን መለወጥ ካልቻልህ መንገድህን ለውጥ።»

ለወጠም። ሊቀ መንበሩ ቆሻሻ በሚጣልበት የጓሮ መንገድ ሥራ መሄድ ያዘ። ጫጩቱም አንድ ማለዳ፣ ማንም ሳያጨበጭብለት፣ ከአጥሩ ወደ ዛፉ ጫፍ በረረ።

ማኅበሩ ዛሬ ስለ እርግብ ይሰበሰባል። እርግብ ምንም ብትበደል አናት አትነቁርም።