የጄኔራል ክፍሌ ሪፖርት

ብርጋዴር ጄኔራል ክፍሌ በአሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው ተራ ወታደር ሆነው ከገቡበት ሠራዊት፣ ክፍለ ጦር አዝዘው ነው በጡረታ የተሰናበቱት። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ አቡዳቢ፣ አል መቅጣዕ አካባቢ፣ ነርስ ከሆነችው ልጃቸው ከሚካል ጋር ይኖራሉ። ሜዳዮቻቸው በካልሲ ተጠቅልለው ሻንጣ ውስጥ ተቀምጠዋል። የሕንጻው ዘበኛ "ባባ" ይላቸዋል፤ እሳቸውም አይከፋቸውም።

አንድ ዓርብ ጠዋት ከደሴ ሆስፒታል ተደወለላቸው። ዘይኑ ነበር፣ የድሮ የሬዲዮ ሠራተኛቸው። ድንበር ላይ አንድ ኮረብታ ሦስት ቀን ተከበው ሲይዙ፣ ክንዱ ቆስሎ እንኳ ሬዲዮውን ከጆሮው ያላወረደ ሰው ነው። ለዚያ ውሎ ትልቁ ሜዳይ ለክፍሌ ተሰጠ። ዘይኑም እንዲሸለም ስሙን ሁለት ጊዜ ጽፈው ልከው ነበር፤ መልስ አልመጣም።

"ጌታዬ፣ ኩላሊቴ እምቢ ብሏል" አለ ዘይኑ። "ሐኪሞቹ ለእኔ አይነግሩኝም፤ ግን ገብቶኛል። ልጄን ሰልዋን አንዴ ልያት። እዚያው እርስዎ ያሉበት አገር ናት፣ አል ዓይን። እርስዎ አሠሪዎቿን ቢያናግሩላት ይሆናል።"

"እልክልሃለሁ" አሉ ክፍሌ።

ሚካል የዕረፍት ቀኗ ስለነበር ራሷ ነዳች። መንገድ ላይ ቀስ ብላ፣ "አባዬ፣ እዚህ እኮ በእኔ ኢቃማ፣ በእኔ የመኖሪያ ፈቃድ ነው የምትኖረው። ሰውን እንደ ድሮው እንዳታዝ" አለቻቸው።

አል ዓይን፣ አል ሂሊ ሰፈር ሲደርሱ የግቢውን በር የከፈተችው ሰልዋ ነበረች። ከኋላዋ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ የተቀመጡት የምትንከባከባቸው አሮጊት ማዳም የሻሿን ጫፍ ይዘዋል፤ ከእሷ እጅ ካልሆነ ምግብ አይቀበሉም። አንድያ ልጃቸው ሳሊም፣ ካፊሏ ማለትም ያስመጣትና ዋስ የሆናት አሠሪዋ፣ ለልብ ሕክምና ውጭ አገር ሄዷል። ፓስፖርቷ እሱ ካዝና ውስጥ ነው።

"ክፉ ሰዎች አይደሉም፣ አባባ" አለች ሰልዋ። "አምና አገር ቤት ልከውኛል። አሁን ነው የጨነቃቸው።"

ክፍሌ ለሳሊም ደውለው በእንግሊዝኛ አነጋገሩት። ድምፁ ደክሟል።

"ጄኔራል፣ አላህ አባቷን ይማርላት። እኔ ነገ ቀዶ ሕክምና አለብኝ። የካዝናው ቁልፍም እዚህ እኔ ጋ ነው። እናቴንስ ለማን ልተዋት?"

"ከእናትህ ጋር እኔ እቀመጣለሁ" አሉ ክፍሌ። ፓስፖርቱን ግን ምንም ማድረግ አልቻሉም። ወደ ኤምባሲ ሲደውሉ ተረኛው ምትክ የጉዞ ሰነድ ሰኞ እንደሚሰጥ ነገራቸው። ለጠላት ሁልጊዜ አንድ መላ ያገኙ ነበር። እዚህ ጠላት የለም፤ የታመመ ሰው፣ አሮጊት እናቱና የተዘጋ ቢሮ ብቻ ነው ያለው።

ከቀትር በኋላ የዘይኑ ወንድ ልጅ ለክፍሌ በቪዲዮ ደወለ። ዘይኑ አፍንጫው ላይ ኦክስጅን አለ፤ ዓይኑ እምብዛም አያይም።

"ጌታዬ፣ ተነሳች?"

ክፍሌ በአንድ ወቅት ያልተያዘን ተራራ ተይዟል ብለው ሪፖርት እንዲያደርጉ ታዘው እምቢ ብለዋል፤ በዚያ ምክንያት ማዕረጋቸው ሦስት ዓመት ዘግይቷል። አሁን ሰልዋ ሁለት እርምጃ ርቃ እጇን ለስልኩ ዘርግታለች።

"ተነስታለች" አሉ። "አውሮፕላን ማረፊያ ደርሳለች።"

የሰልዋ እጅ አየር ላይ ቀረ። መናገር እንደማትችል ገባት፤ ድምፅዋን ከሰማ ውሸቱ ይፈርሳል።

"ተቀብያለሁ፣ ጌታዬ" አለ ዘይኑ። መስመሩ ተዘጋ።

"ለምን?" አለች ሰልዋ። "አልመጣሁም፣ ግን አፉ በለኝ ልለው እችል ነበር እኮ።"

ክፍሌ ይህን አላሰቡትም ነበር። ወዲያው መልሰው ደወሉ፤ አይነሳም። ደግመው ደጋግመው ደወሉ። በመጨረሻ ልጁ አነሳና "ተኝቷል፣ ሲነቃ እንደውላለን" አለ። የዐሱር ሶላት ሳይሰገድ ደወለ። ዘይኑ አልነቃም።

ክፍሌ በሠራዊት ዘመናቸው ለብዙ እናቶች መርዶ ነግረዋል። ለሰልዋ ግን የነገረቻት ሚካል ነበረች። ሰልዋ ግድግዳ ተደግፋ ጥቂት አለቀሰች፤ ከዚያ የማዳም መድኃኒት ሰዓት ደርሷልና ዓይኗን ጠርጋ ገባች።

ሰኞ ሰነዱ ወጣ፤ ማክሰኞ ለለቅሶ በረረች። በር ላይ ለክፍሌ የመድኃኒቱን ሰዓት አንድ በአንድ ነገረቻቸው። ስለ ስልኩ አላነሳችም። እሳቸው ይቅርታ ሊሏት አፋቸውን ከፈቱ፤ እሷ ግን መኪና ውስጥ ገብታ ነበር።

ሀጀራ የምትባል የጎረቤት ሠራተኛ አሮጊቷን ልታጥብና ልታበላ ትመጣለች። ቀሪውን ቀን ጄኔራሉ ከወንበሩ አጠገብ ይቀመጣሉ። አሮጊቷ በሩን እያዩ በዓረብኛ አንድ ነገር ይጠይቃሉ። ክፍሌ ከሚሉት የሚገባቸው "ሰልዋ" የሚለው ስም ብቻ ነው፤ የሚመልሱበት ቋንቋ የላቸውም።