ቢጫው ፎጣ

ሦስተኛው የኮንክሪት ባልዲ አየር ላይ እንዳለ ቢጫውን ፎጣ አየችው። ከቤቷ ጓሮ፣ የልብስ ማስጫው ገመድ ላይ ለብቻው ተሰቅሏል። ልቧ ድንግጥ አለ። እጇ ግን የለመደውን አልረሳም፤ ክሬኑን ቀስ አድርጋ አዙራ ባልዲውን ሳታወዛውዝ ዘጠነኛው ፎቅ ላይ አሳረፈችው።

ምልክቱን ያወጣችው ራሷ ናት። ክሬን ላይ ስልክ ይዞ መውጣት ክልክል ስለሆነ ጠዋት ሁሉም ስልኩን ፎርማኑ ቢሮ ያስቀምጣል። ቤቷ ደግሞ ከግንባታው ሁለት መንገድ ተሻግሮ ነው፤ ከላይ ሲያዩት ግቢው ወለል ብሎ ይታያል። ትናንት ማታ ልጇን የምትተውላቸውን የባሏን እናት፣ ሚጣን ካመማት ቢጫውን ፎጣ ገመዱ ላይ ይስቀሉልኝ፣ ሌላ ጊዜ ግን እንዳይሰቅሉት ብላ ለምናቸው ነበር። እማማም እሺ አሉ። አባባላቸው ግን እሺ አይመስልም ነበር።

ስድስት ዓመት ክሬን ነድታለች። "አሞራ" የሚለውን ቅጽል ስም ያወጡላት የድሮ ባልደረቦቿ ናቸው። ሚጣን ስትወልድ ለስድስት ወር ብላ ወረደች፤ ስድስት ወሩ ሁለት ዓመት ተኩል ሆነ። ሥራዬን መልሱልኝ ብላ ስትመጣ ፎርማኑ አልከለከላትም፤ የዛሬን የኮንክሪት ሙሌት ሳታቋርጪ ከጨረስሽ ቦታው ያንቺ ነው አላት። ታች ሲሚንቶ ከረጢት ላይ አንድ ጎልማሳ ኦፕሬተር ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል። የሱ ሥራ ሊተካት እሷ እስክትወርድ መጠበቅ ነው። ቀና ብሎ ባያት ቁጥር ዝናብ የሚጠብቅ ገበሬ ይመስላታል።

ክሬኑ ሲዞር ጋቢናውም አብሮ ይዞራል። ባልዲውን ለማስሞላት ወደ ሚክሰሩ በዞረች ቁጥር ግቢዋ በግራ መስኮት ብቅ ይላል፣ ከነፎጣው። አራተኛውን ባልዲ አወጣች፣ አምስተኛውን አወጣች። ትኩሳት ይሆን? ወድቃ ይሆን?

"ጋሼ፣" አለች ፎርማኑን በሬዲዮ፣ "እባክዎ ቤቴ ይደውሉልኝ።"

"እኔ ዘጠነኛ ላይ ነኝ፤ ስልኮቹ ታች ተቆልፎባቸዋል። ምን ተፈጠረ?"

"ልጄን ሳያማት አልቀረም። ለሃያ ደቂቃ ልውረድ።"

ሬዲዮው ትንሽ ተንኮሻኮሸ። "መውረድ ትችያለሽ፣ ማንም አይዝሽም። ከወረድሽ ግን እዚያው ታች ቅሪ። ኮንክሪቱ ይደርቅብኛል፣ አሞራ።"

ታች ያለው ሰውዬ ብርጭቆውን አስቀምጦ ብድግ አለ። ሬዲዮ እሱም ይሰማል።

"ባልዲውን ሙሉልኝ" አለች።

ከዚያ በኋላ አሥራ ሰባት ጊዜ ዞረች። አሥራ ሰባቱንም ጊዜ ፎጣው እዚያው ነበር። ራሷን ጠላች፤ እጇን ግን ከመዘውሩ አላነሳችም። ሁለት ዓመት ተኩል ሙሉ ቤት ስትውል በሐሳቧ የምትሸሸው ወደዚህች ጋቢና ነበር። አሁን ጋቢናዋም ጠበበቻት።

ሰባት ሰዓት ላይ ሙሌቱ አለቀ። ፎርማኑ ነገ በሰዓትሽ ነይ አላት። መሰላሉን እንዴት እንደወረደችው፣ መንገዱንም እንዴት እንደተሻገረች አታውቅም።

ሚጣ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብላ ሙዝ ትበላለች። ግንባሯን ዳሰሰችው፤ ቀዝቃዛ ነው። ልጅቷ ሳቀችላት።

"ምን ሆና ነው፣ እማማ?"

"ምንም አልሆነችም። ወተት ደፍታ በፎጣው ጠረግኩት፤ አጥቤ ሰቀልኩት። ያልሽኝ ትዝ ያለኝ ከሰቀልኩት በኋላ ነው።"

"ታዲያ ለምን አላወረዱትም?"

እማማ የሚጣን አፍ በመዳፋቸው ጠረጉ። "ትመጪ እንደሆነ ልይ ብዬ ነዋ" አሉ። ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም። "አልመጣሽም።"

አፍ አውጥታ ልትቆጣ ነበር፤ ግን ነገ ጠዋት ሚጣን የሚይዝላት ሌላ ሰው የለም። ባሏም ማታ ሲመጣ "ተስማሙ" ብሎ ጫማውን ከማውለቅ በቀር የሚፈይደው ነገር እንደሌለ ታውቃለች።

"እሺ፣ እማማ" አለች። እማማ ትናንት ያሉት ዓይነት እሺ ነበር።

ጓሮ ሄዳ ፎጣውን ከገመዱ አወረደችው። ደርቋል። አራት ቦታ አጥፋ የሥራ ቦርሳዋ ውስጥ፣ ከጓንቷ ሥር ከተተችው።

"ወዴት ልትወስጂው ነው?" አሉ እማማ ከበሩ ላይ ሆነው።

"ክሬኑ ላይ ልሰቅለው" አለች፣ ዚፑን እየዘጋች። "በግራ መስኮት ፀሐይ አስቸገረኝ።"