ፊርማ የሌለው ሳህን

ቶሩን የኮምፒውተሩን ገጽ ለሦስተኛ ጊዜ ወደ ላይ መለሰችው። ጠዋት የደረሳት የዘረመል ምርመራ ውጤት ግን ያው ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ፊዮርድ ከሚባለው ጠባብ የባሕር ሰርጥ ወለል ጭቃ ሲፈልጉት የኖሩት፣ በብርድ ስብ የሚያሟሟ አዲስ ኢንዛይም ተገኘ ብለው የጨፈሩለት ዘረመል፣ ከራሳቸው ፍሪዘር የወጣ ሆኖ ዐረፈው። ስብ እንደሚያሟሟ አስቀድሞ የሚታወቀው፣ ባክቴሪያ የሚያበቅሉባቸውን ሳህኖች ለመፈተሽ ብቻ የሚጠቀሙበት የማረጋገጫ ባክቴሪያ ዘረመል ነው። ከባሕር የመጣ ነገር የለበትም።

"ጉድ ፈላ" አለች ለራሷ።

ሥራው አድካሚ ይሁን እንጂ የተወሳሰበ አይደለም። ከጭቃው የወጣው ዲኤንኤ ተቆራርጦ ተራ ባክቴሪያ ውስጥ ይገባል። ከዚያ ባክቴሪያውን በስቴኪኒ እየነኩ፣ ስብ ተቀላቅሎበት እንደ አጓት የደፈረሰ ሳህን ላይ መትከል ነው። የገባለት ቁራጭ የሚፈለገው ዘረመል ካለበት፣ በዙሪያው ጥርት ያለ ቀለበት ይሠራል። ከአሥራ ሁለት ሺህ ነጠብጣብ ቀለበት የሠራው አንድ ብቻ ነበር፣ ሠላሳ አንደኛው ሳህን ላይ።

የቡድኑ ኃላፊ ሃልቫርድ ዳቦውን እያላመጠ ገባ። "የምርምር ገንዘብ ማመልከቻውን ዛሬ ልልከው ነው። ምነው፣ ምን ሆነሽ?"

"ቀለበቱ የማረጋገጫው ነው። ሳህኑ ተበክሏል።"

ሃልቫርድ ማላመጡን ተወ። "ሳህኑን ማን ነው የሠራው?"

"ፊርማ የለበትም።"

"እንግዲያው አርንፍሪድ ናታ! ዓይኗ ከደከመ ቆየ እኮ። ዛሬ በጡረታዋ ቀን ምን ይባላል?" በረጅሙ ተነፈሰ። "አንቺ ግን አትጨነቂ። የቴክኒሻን ስህተት ነበር ብዬ ለገንዘብ ሰጪው ኮሚቴ እጽፋለሁ። ኮንትራትሽ ይታደሳል። ያንቺ ስህተት ቢሆን ነበር የሚከብደኝ።"

ሃልቫርድ ወጥቶ ሄደ።

ሳህኑን የሠራችው ግን ራሷ ቶሩን ናት። ከሦስት ሳምንት በፊት፣ መዋዕለ ሕፃናቱ ሊዘጋ ሃያ ደቂቃ ሲቀረው፣ ልጇ ብቻዋን በር ላይ ቆማ እየታየቻት ነበር የሠራችው። አርንፍሪድ ከጠረጴዛው በላይ በትልቁ ጽፋ የለጠፈችው ትእዛዝ አለ፦ "ማረጋገጫው መጨረሻ ላይ!" ቶሩን ግን ቶሎ ልገላገል ብላ ማረጋገጫውን አስቀደመች። ከዚያ ማረጋገጫውን የነካችበትን ያንኑ ስቴኪኒ ለቀጣዩ ነጠብጣብ ሳታስበው ደገመችው። መፈረሙንም ረሳችው። ይህ ሁሉ አሁን አንድ በአንድ ትዝ አላት።

አርንፍሪድ ነጭ ጋዋኗን አጣጥፋ ክንዷ ላይ ይዛ መጣች።

"ሃልቫርድ ነገረኝ" አለች። "እኔው ሳልሆን አልቀርም የኔ ልጅ።"

"ትዝ ይልሻል እንዴ?"

"የቱን ከየቱ ላስታውስ? ሠላሳ ስምንት ዓመት አንድም ቀን አልተሳሳትኩም እያልኩ ስኩራራባችሁ ነበር፤ ይኸው በመጨረሻው ቀን ተዋረድኩ።" ልትስቅ ሞከረች። ከዚያ መነጽሯን አውልቃ ጠረገች። "ያንቺን ልፋት ውኃ አስበላሁት። ይቅር በይኝ።"

ቶሩን እንዲህ አፍራ አታውቅም። አርንፍሪድ አንጀቷን በላቻት። የቤት ኪራዩ፣ ልጇ፣ ሰኔ ላይ የሚያልቀው ኮንትራት፣ ሁሉም ግን ባንዴ መጣባት።

"ነይ፣ የመሸኛዬን ኬክ ልንቆርጥ ነው" ብላት አርንፍሪድ ቀድማ ሄደች።

ከምሳ ክፍሉ የሃልቫርድ ድምፅ ይሰማል። "አርንፍሪድ ባትኖር" እያለ ነው፤ "እዚህ ቤት አንድ ሳህን እንኳ በወጉ የሚሠራ ባልተገኘ ነበር።" ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ዓይኑን በጨው አጥቦ እንዴት እንዲህ ይላል ብላ ቶሩን ተናደደች። ወዲያው ደግሞ የባሰችው እሷ መሆኗ ታወቃት።

ወደ ቀዝቃዛው ክፍል ገብታ ሠላሳ አንደኛውን ሳህን አወጣች። ከኪሷ ማርከር አውጥታ ክዳኑ ላይ ሙሉ ስሟን ከነቀኑ ጻፈች። ከዚያ ሳህኑን ይዛ ምሳ ክፍሉ በር ላይ ደረሰችና ቆመች። ባክቴሪያ ምግብ ያለበት ክፍል አይገባም፤ ይህም የአርንፍሪድ ትእዛዝ ነው።

"አርንፍሪድ" አለች ከደጃፉ፣ "ኬኩን ሳትቆርጪ አንዴ መነጽርሽን አድርገሽ ነይ። ሃልቫርድ፣ አንተም ና።"