ፍላሹ ሲበራ

ባልየውን ሰው ሁሉ «መብረቅ» ነበር የሚለው። ሰርግ ላይ ሲሠራ የፍላሹ ብርሃን ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም፤ ከሙሽሮቹ ኋላ፣ ከመጋረጃ ሥር፣ አንዳንዴም ወንበር ላይ ወጥቶ ከኮርኒሱ ግርጌ። ካሜራውን የምትይዘው ግን ሚስቱ ነበረች። እሷ ታነሳለች፣ እሱ ያበራል። ቀኑን ሙሉ ሲጨቃጨቁ ይውሉና ፎቶዎቹን ኮምፒውተር ላይ ሲያዩ ይታረቃሉ።

ጭቅጭቁ ሁሌ አንድ ነው። እሷ ፍላሹ በቀኝ እንዲሆን ትፈልጋለች፣ እሱ በግራ።

«ሰው የሚያምረው ብርሃን ከግራ ሲመጣለት ነው» ይላታል።

«ማን ነገረህ?»

«አንቺን አይቼ።»

አንድ ቀን ከሰርግ ተመልሰው ዕቃ ከመኪና ሲያወርድ ልቡ ቀጥ አለ። ሐኪም ቤት እንኳ አልደረሰም።

ስቱዲዮው ለብዙ ጊዜ ተዘግቶ ከረመ። በመጨረሻ ዋርሳዋ፣ የባሏ ታናሽ ወንድም፣ መጥቶ «እትዬ፣ እስከ መቼ? እሱም ቢሆን ደስ አይለውም» አላት። ከፈተችው።

መጀመሪያ የመጡት አንድ ልብስ ሰፊና ሴት ልጁ ነበሩ። ፍላሹን ማቆሚያው ላይ ሰክታ በስተቀኟ አቆመችው። ገመድ የለውም፤ ካሜራው አናት ላይ ያለችው መሣሪያ ምልክት ስትልክለት ይበራል። ካሜራውን ወደ ዓይኗ ሳታስጠጋ ለሙከራ አንዴ ተጫነች። በቀኝ በኩል ቦግ ሲል በዓይኗ አየችው። ከዚያ አባትና ልጅን አነሳችና የካሜራውን ስክሪን ተመለከተች።

የሁለቱም ጥላ ግድግዳው ላይ ወደ ቀኝ ወድቋል። ብርሃኑ በቀኝ፣ ጥላውም በቀኝ።

የመስኮቱ ብርሃን መስሏት መጋረጃውን ዘጋች። ያው ነው። ባትሪ ቀየረች፣ ሌላ ፍላሽ ሰካች። ያው ነው። ልብስ ሰፊው ፎቶውን አይቶ፣ «እንዲህ አምሮብኝ አያውቅም» አለ።

ለማንም አልተናገረችም። በየቀኑ በቀኝ ታቆመዋለች፣ በየቀኑ ብርሃኑ ከግራ ይመጣል።

ከዚያ አንድ ከሰዓት ዋርሳዋ እናቱን ይዞ መጣ። አማቷ ከቀብሩ ወዲህ ከቤት ወጥተው አያውቁም ነበር።

«ልጄ የሰው እናት ሁሉ ሲያነሳ እኔን ሳያነሳኝ ቀረ» አሉ። «አንቺ አንሺኝ።»

ዋርሳዋ ስልክ ተደውሎለት ወደ ውጭ ወጣ። እሷ አማቷን ወንበሩ ላይ አስቀምጣ ነጠላቸውን አስተካከለችላቸውና ካሜራውን ወደ ዓይኗ አስጠጋች። ተጫነች።

አማቷ ከሌንሱ ዓይናቸውን አንስተው ወደ ግራዋ አፈጠጡ።

«ምነው እንዲህ ከሳብኝ?» አሉ።

«ማን፣ እማዬ?»

«እሱ ነዋ። አጠገብሽ ቆሞ።»

በግራዋ ከባዶ ግድግዳ በቀር ምንም የለም።

«ድገሚው» አሏት።

ደገመችው።

«ቡናማ ሹራብ ለብሷል። ደረቱ ላይ ዚፕ አለው።»

ሹራቡን የገዛው በሞተበት ሳምንት ነበር። አማቷ አይተውት አያውቁም።

«ምን ይላል?»

«ዝም ብሏል። የሆነ ነገር እንደያዘ ሰው እጁን ከፍ አድርጓል።»

እሷም ማየት ፈለገች። ግን በዚህ ዓይነት ካሜራ ውስጥ የሚያይ ሰው ፍላሹ የሚበራባትን ቅጽበት አያያትም፤ በውስጡ ያለው መስታወት ብድግ ይልና ዓይኑን ያጨልምበታል። ያን ሁሉ ዓመት አብረው ሲሠሩ እሱ ያበራውን ብርሃን አንድም ቀን በበራበት ሰዓት አላየችውም። አሁን ካሜራውን ከፊቷ አወረደችና ግራዋን እያየች ተጫነች።

ነጭ ግድግዳ። ሌላ ምንም።

«አላየሁትም እማዬ» አለች። እንባዋ መጣ። «ለምን እኔ አላየውም?»



«እኔ እንጃ፣ ልጄ» አሉ። «እሱ ግን እኔን አንዴም አላየኝም። አንቺን ነው የሚያየው።»

ደጋግማ አነሳች። እያንዳንዱ ብልጭታ ከፊተኛው እየደከመ፣ ባትሪው እያለቀ ሄደ። ልትቀይረው ስትራመድ አማቷ እጇን ያዟት።

«ተይው። ደክሞታል።»

የመጨረሻው ደካማ ብርሃን ከጠፋ በኋላም አሮጊቷ ለረጅም ጊዜ ወደዚያ ግድግዳ አዩ፤ ከዚያ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡት። «ሄደ» አሉ።

ዋርሳዋ ሲመለስ ሁለቱን ተቃቅፈው አገኛቸው። ፎቶዎቹን እያገላበጠ አየ፤ በአንዳቸውም ውስጥ ከእናቱ በቀር ሰው አልነበረም።

«እማዬ፣ በአንዱም እኮ ወደ ካሜራው አላየሽም። እንደገና እንነሳ።»

«አይሆንም» አሉ። «እነዚህን ነው የምፈልገው።»

በማግስቱ ጠዋት ሁለት እጮኛሞች በር ላይ ቆመው ጠበቋት። ባትሪ ቀየረች፣ ፍላሹን በቀኝ አቆመችና ባዶውን ወንበር ለሙከራ አነሳች። የወንበሩ ጥላ ወደ ግራ ወድቋል፣ እንደ ደንቡ። ሌላ አነሳች። ወደ ግራ። ፍላሹን ነቅላ በግራ አቆመችው፤ ጥላው ወደ ቀኝ ሄደ፣ ብርሃኑ ካለበት በተቃራኒ፣ ምንም ሳያጠፋ።

«እንግባ?» አለ ሰውየው በበሩ ክፍተት ብቅ ብሎ።

ፍላሹ ሥር ቆማ ባዶውን ግድግዳ ታይ ነበር። እነሱ ግን ገብተው፣ ማን በየት በኩል ይቀመጥ እያሉ በሹክሹክታ መጨቃጨቅ ጀምረው ነበር።