የልደታ ሐረግ

ወለተ ሚካኤል በጥልፍ ሥራዋ በሰቆጣ የታወቀች ሴት ነበረች። ባሏ ገብረ ሊባኖስ የቤተ ክርስቲያን ሰዓሊ ነው። በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ሁለት ዓመተ ምሕረት በፃግብጂ ያለ አንድ ደብር ለግንቦት ልደታ የሚደርስ ሥዕል አዘዘው። ቅዱሳኑን ከነፈረሳቸው አቡጀዲ ላይ ሥሎ ጨረሰ። ዙሪያውን የሚከበው የተጠላለፈ የመሥመር ጌጥ፣ ሐረጉ ብቻ ሲቀር ቀኝ እጁ ይንቀጠቀጥ ጀመር።

«ፊት ቢወላገድ በጢም ይሸፈናል፤ ሐረግ ግን ስሕተት አይሸሽግም» አለ ብሩሹን አስቀምጦ።

«የቀሚስ ጥልፍ እኮ ነው፤ ምኑ ይከብዳል?» አለችው።

«እንግዲያው ያዢው።»

ይህን በመናገሯ ዐቢይ ጾምን ሙሉ ስትጸጸት ከረመች። ቀይ መሥመር፣ ቢጫ መሥመር፤ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች፣ መሐሉ ላይ ጥቁር ነጥብ፣ እንደገና ቀይ። ከጧት እስከ ዘጠኝ ሰዓት አጎንብሳ ውላ አንድ ክንድ አይሞላላትም። በመርፌ ስትሠራ ከጎረቤቶቿ ጋር እያወጋች ነበር፤ ብሩሹ ግን ወሬ አይወድም፤ ቀና ባለች ቁጥር መሥመሩ ይዛባል። አንገቷ ደረቀ። ዐይኗን ስትጨፍን እንኳ ቀዩ ከቢጫው ሥር ሲያልፍ ይታያታል።

በኒቆዲሞስ ሳምንት ወደ ኋላ ሄዳ ስትቆጥር፣ አንድ ቦታ ላይ ቀዩ ከላይ ማለፍ ሲገባው ከታች አልፏል። ከዚያ ወዲህ ያለው የአራት ቀን ሥራ ሁሉ ተገልብጧል።

«ጥልፍ ቢሆን እተረትረው ነበር» አለች። አላለቀሰችም፤ ለማልቀስም ደክሟት ነበር።

ገብረ ሊባኖስ አጎንብሶ አየው። «ተይው። ከፍ ተደርጎ ነው የሚለጠፈው፤ ማን ያየዋል?»

«እንዲሁ ብቀጥለው ዙሮ ሲመጣ ሁለቱ ጫፎች አይገናኙም።»

ገብረ ሊባኖስ ነጭ ቀለም በጠበጠላት። የአራት ቀን ድካሟን በነጩ ሸፈነችና እስኪደርቅ ጠብቃ እንደ አዲስ ጀመረች። ማታ ማታ በሚንቀጠቀጥ እጁ አንገቷን በኑግ ዘይት ያሽላት ነበር።

ለልደታ ደረሰ። ሥዕሉ በተለጠፈ ማግስት የደብሩ አለቃ አሥራተ ማርያም የቅዱሳኑን መልክ አደነቁ።

«ሐረጉ የባለቤቴ ነው» አላቸው ገብረ ሊባኖስ።

አለቃው ቀና ብለው ሐረጉን ከዳር እስከ ዳር ተመለከቱት። ከዚያም ወጥተው ወለተ ሚካኤል የደጀ ሰላሙን ግንብ ተደግፋ ወደ ተቀመጠችበት መጡ።

«እጅሽ ይባረክ፣ ልጄ። የመቅደሱም መጋረጃ አርጅቷል፤ ለአዲሱ ዳር ዳሩን ብትጠልፊልን?»

«ከክረምት በኋላ ይሁን፣ አባቴ» አለቻቸው። «አሁን ትንሽ ልረፍ።»

አለቃው ባርከዋት ሄዱ። ገብረ ሊባኖስ በቅሎዋን ጭኖ እስኪጠራት ድረስ እዚያው እንቅልፍ ወሰዳት።