የቺፍ ጃለታ ተራ

«ቺፍ ከእኛ በፊት በልተው አያውቁም» አለ ሰውየው፣ ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ እንደቆመ። «አንድም ቀን።»

በለቅሶው ድንኳን ውስጥ የነበረው ጉርምርምታ ጋብ አለ። አሰለፈች ከተቀመጠችበት ፍራሽ ላይ ቀና ብላ አየችው። ሽበት የወረሰው ረጅም ሰው ነው። ስሙ ዘካሪያስ እንደሆነ፣ ከሐዋሳ እንደመጣ፣ ከባለቤቷ ከጃለታ ጋር በባሕር ኃይል እንዳገለገለ ገና ሲገባ ተናግሯል። እሷ ግን አይታው አታውቅም።

ጃለታ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ለአቃቂ በሰቃ ሰው ጃለታ ማለት ሃያ ዓመት ሙሉ የሳሙና ፋብሪካ ቦይለር ሲጠብቅ ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ ብዙ የማይናገር ጎረቤት ነበር። አንዳንዶች «ቺፍ» ይሉታል፤ ለምን እንደሚሉት የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው።

«ቺፍ ማለት መኮንን ነው?» ሲሉ ጥግ የተቀመጡ የእድሩ ሽማግሌ ጠየቁ።

«አይደለም አባቴ። ከተራ መርከበኛ ተነስተው በሥራ ያደጉ ናቸው። መኮንኑ ያዛል። ቺፍ ደግሞ ትእዛዙ እንዲፈጸም፣ ሲፈጸም ግን ሰው እንዳይጎዳ ያደርጋል። የእኛን ችግር ለበላይ የሚናገሩት፣ ስናጠፋም የሚቀጡን እሳቸው ነበሩ።»

ሽማግሌው እንዲቀመጥ ምልክት ቢሰጡትም ዘካሪያስ አልተቀመጠም።

«አንድ ጊዜ የመርከቡ አዛዥ አሁኑኑ ከወደብ እንውጣ አሉ። የነዳጅ ቧንቧው ያንጠባጥብ ነበር። ቺፍ እኛ ፊት ‹እሺ ጌታዬ› ብለው ተከትለዋቸው ወደ ክፍላቸው ገቡና በሩ ተዘጋ። ምን እንዳሏቸው አልሰማንም፤ ብቻ መርከቡ ሳይንቀሳቀስ ቀረ። እኛ ፊት አዛዡን ተቃውመው አያውቁም፤ በር ተዘግቶም ዋሽተዋቸው አያውቁም። ቧንቧውን አላልቼ ያሰርኩት እኔ ነበርኩ። ሦስት ቀን ሙሉ እያንዳንዱን መገጣጠሚያ በእጄ እያስዳሰሱ አስተማሩኝ። ለአዛዡ ግን ‹ሳልቆጣጠር የቀረሁት እኔ ነኝ› ነበር ያሉት።»

ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። ከቂሊንጦ ፋብሪካ ከፈረቃ መልስ ጎራ ያሉ ሁለት ወጣቶች ለመውጣት ተነስተው የነበሩት ተመልሰው ተቀመጡ። ለመርከብ ሙሉ ሰው የነበረው ጃለታ፣ ለአሰለፈች ግን አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን ጎድሎባት ነበር።

በሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት ሃያ አራት ዓመቷ ነበር። እሱ ምጽዋ፣ እሷ እዚሁ አቃቂ ከእናቱ ጋር። ልጃቸው አቢ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሞልቶታል፤ አባቱ ያየው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። የጃለታ የፈቃድ ተራ ኅዳር ላይ ነበር። ወሩ ሲገባ ልጁን ኩፍኝ ያዘው። አሰለፈች ቴሌ ድረስ በእግሯ ሄዳ «አቢ ታሟል ቶሎ ና» የሚል ቴሌግራም ላከች። ከመሃል ከተማ አውቶቡስ በመጣ ቁጥር መንገድ ዳር ወጥታ ቆመች። ጃለታ አልመጣም። ልጁ ሐሙስ ጠዋት እቅፏ ውስጥ ሞተ።

ጃለታ የመጣው ከወር በኋላ ነው። ልብሱን ሳይቀይር በርጩማ ላይ ተቀመጠ።

«ቴሌግራሙ አልደረሰህም?»

«ደርሶኛል። ተራዬን ለሌላ ሰው ሰጠሁት። የባሰበት ነበር። ልጅ ታሞ ይነሳል ብዬ አሰብኩ፤ ተሳሳትኩ።»

«አንተ ምን ቸገረህ? ሌላ ሰው አይሰጠውም ነበር?»

«ተራውን የማወጣው እኔ ነኝ፣ አሰለፉ። የባሰበትን ሰው ከልክዬ፣ የራሴን ይዤ፣ ነገ በምን አፌ አዛቸዋለሁ?»

«ለማን ነው የሰጠኸው?»

ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ፈታ። «ስሙን ከነገርኩሽ እሱን ትጠዪዋለሽ። እሱ ምንም አላጠፋም። እኔን ጥዪኝ፤ እኔ እችለዋለሁ።»

ጠላችው። ልጃቸው ሃዊ ስትወለድም ጥላቻው አልለቀቃትም። በሰማንያ ሦስት ባሕር ኃይሉ ተበትኖ፣ እግሩ አብጦ፣ ያለ ሥራ ያለ ማዕረግ በር ላይ ሲቆም እግሩን ያጠበችለት እሷ ናት፤ እያጠበችውም ጠልታዋለች። ከዚያ በኋላ አብረው አረጁ፤ ጥላቻውም አረጀ። ጥያቄው ብቻ አላረጀም። ባለፈው ወር እንኳ፣ ታሞ እንደተኛ፣ «አሁንማ ንገረኝ» ብላው ነበር። እጇን ጨበጥ አደረገ እንጂ አልተናገረም።

«እናቴን ያየሁት በእሳቸው ነው» አለ ዘካሪያስ፣ አሁንም ድንኳኑ መሃል እንደቆመ።

አሰለፈች ደነገጠች።

«ሰባ ስምንት ኅዳር ላይ እናትህ አትተርፍም የሚል ቴሌግራም ደረሰኝ። ከሞተር ክፍላችን በአንዴ ከሁለት ሰው በላይ ፈቃድ አይወጣም፤ የእኔ ተራ ደግሞ ገና ነበር። ቺፍ ጠርተው ‹የእኔን ውሰድ› አሉኝ። ‹ቤተሰብዎስ?› ብላቸው ‹ሰላም ናቸው፤ ሂድ› አሉኝ። ደረስኩላት። እጄን ይዛ ነው ያረፈችው።»

ከጎኗ የተቀመጠችው ሃዊ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለች። «እማ… ኅዳር እኮ…»

«ዝም በይ።»

«ማወቅ አለበት እኮ! ወንድሜ—»

አሰለፈች የልጇን የእጅ አንጓ አጥብቃ ያዘች። ስም ሳታውቅለት ስንት ጊዜ የረገመችው ሰው ይህ ነው። በሐሳቧ ሁልጊዜ አንድ ጎረምሳ ነበር፣ በባሏ ፈቃድ ዘመድ ቤት ሲበላና ሲጠጣ፣ ሲስቅ የሚታያት። እናት ትኖረዋለች ብላ አስባ አታውቅም።

ዘካሪያስ ሊሰናበታት መጥቶ ጎንበስ አለ።

«እትዬ፣ ያኔ በአቃቂ ሳልፍ እግረ መንገዴን ልጠይቅዎ አስቤ ነበር። ቺፍ ‹ቀጥ ብለህ እናትህ ጋ ሂድ› ብለው ከለከሉኝ። ትንሽ ወንድ ልጅ እንዳላቸው ሰምቼ ነበር። አሁን ትልቅ ሰው ሆኗል አይደል? የትኛው ነው?» ብሎ ወንዶቹ ወደተቀመጡበት ዞር አለ።

ቃሉ አሰለፈች ምላስ ላይ ነበር። በአንድ ዓረፍተ ነገር ይህን ሰው የአቢን ሬሳ አሸክማ ወደ ሐዋሳ ልትሰደው ትችላለች። ጃለታ ልክ ነበር አላለችም፤ ዛሬም ያ ቀን ቢመለስ ና ትለዋለች። ግን ጃለታ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጥላቻዋን ለብቻው ተሸክሞ ከዚህ ሰው ላይ እንዴት እንዳራቀው አሁን ገባት።

«አላደገም» አለች። «በልጅነቱ ነው ያረፈው። ኩፍኝ።»

ዘካሪያስ ክው አለ። «እግዚኦ! ቺፍ አንድም ቀን አልነገሩን። መቼ ነው?»

«ቆይቷል» አለች አሰለፈች። «በጣም ቆይቷል።»

ሰውየው ኮፍያውን ያሻሽ ጀመር።

«እናትዎ ማን ይባሉ ነበር?» ስትል ጠየቀችው።

«ድንቅነሽ።»

«ድንቅነሽ» አለች፣ ስሙን እንደምትለማመደው ሁሉ ቀስ ብላ። ከዚያ ወደ ሃዊ ጠጋ ብላ ፍራሹ ላይ ቦታ ለቀቀች። የቤተሰቡ መቀመጫ ነው። ዘካሪያስ አመነታ።

«ና ተቀመጥ እንጂ፣ ወንድሜ» አለችው።

ተቀመጠ። አሰለፈች የጋቢዋን ጫፍ አንስታ ጉልበቱ ላይ ጣል አደረገችለት።