ፍሪጅ ውስጥ ያለው ዕቃ

የውጭውን በር ቆልፌ ቁልፉን ደረቴ ውስጥ ከወሸቅሁ ወዲህ፣ የታሰረችው የልጅ ልጄ ትሁን እኔ መለየት አቅቶኛል። እስከ ነገ ጠዋት የምትሸናው በሙሉ፣ ጠብታ ሳይቀር፣ በዚህ ትልቅ የፕላስቲክ ዕቃ መጠራቀም አለበት። ዕቃው ፍሪጅ ውስጥ ከወተቱ አጠገብ ተቀምጧል። ልጄ፣ እናቷ፣ ፍሪጁን በከፈተች ቁጥር ፊቷን ታዞራለች።

ሁለት ዓመት ሙሉ ሰዎች ልጅቷን እያዩ «ተመችቷታል» ሲሉን ኖሩ። ደስም ይለኝ ነበር፣ ምን ልዋሽ። ግን ቀሚሷን የማስተካክለው እኔ ነኝ፤ ወገቡን በየጊዜው እለቃለሁ፣ ርዝመቱን ግን ነክቼው አላውቅም። ልጅ ወደ ጎን ብቻ ያድጋል እንዴ? ሐኪሟ ሆዷ ላይ ያለውን ወይን ጠጅ ሰንበር አይታ፣ ቁመቷን ለክታ፣ «ኮርቲሶል የሚባል ሆርሞን በዝቶባት ይሆናል» አለችን። «ከኩላሊት በላይ ካለች ዕጢ ወይም ከጭንቅላት ሊመጣ ይችላል። ምንጩን ካገኘነው ይታከማል። መጀመሪያ ግን መብዛቱን እንለካ። ሽንቱ ከጎደለ ውጤቱ ያሳስተናል።»

ዛሬ እሑድ ነው። ውጭ ልጆች ገመድ ይዘላሉ፤ እሷ መስኮቱ ላይ ተለጥፋለች።

«እማማ፣ ለትንሽ ልውጣ?»

«ሽንትሽ ቢመጣስ?»

«እይዘዋለኋ።»

«ሳቅሽን እንኳ መያዝ የማትችይ።»

ሳቀች። ጉንጮቿ ዓይኖቿን ዋጧቸው። «ለነገሩ ልጆቹ ኳስ እያሉ ይስቁብኛል» አለችና ከመስኮቱ ወረደች።

በማግስቱ ሃያ አራት ሰዓቱ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ዕቃውን ይዤ አልጋዋ ዘንድ ሄድኩ።

«ተነሺ የኔ እመቤት፣ የመጨረሻዋን እንጨምርና እንገላገል።»

«ሸንቻለሁ።»

«የት?»

«ሽንት ቤት ነዋ። ተኝተሽ ነበር። ትልቅ ልጅ ብቻዋን ትሄዳለች፣ ሰው አትቀሰቅስም አላልሽኝም? ውሃም ለቅቄበታለሁ።»

ያስተማርኳትን ነው ያደረገችው፤ በምን አፌ ልቆጣ?

ልጄ የሥራ ልብሷን እየቆለፈች መጣች። «እማዬ፣ አንድ ጊዜ ናት እኮ። ዝም ብለን እንስጣቸው፣ ማን ያያል? ልጅቷንም ዳግመኛ ከምንዘጋባት።»

ልቤ እሺ ሊል ነበር። ግን ጎዶሎውን ለክተው «ደህና ናት» ብለው ቢመልሷትስ? እንደገና ወገብ ስለቅ ልኖር?

ሐኪም ቤት ደወልኩ። ነርሷ አልተቆጣችም። «ይደፋ። አዲስ ዕቃ ውሰዱና ነገ ጠዋት ጀምሩ» አለች።

ደፋሁት። ከዚያ ቁልፉን አውጥቼ በሩን ከፈትኩላት። ገመዷን ይዛ ወጣች፤ ልጆቹ ግን ትምህርት ቤት ሄደዋል። ባዶው መንገድ ላይ ትንሽ ቆማ ተመለሰች።

«ነገም ትቆልፊዋለሽ?»

«እቆልፈዋለሁ።»

ገመዱን ጠቅልላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «እንግዲያው ስቀሰቅስሽ አትነጫነጪ» አለችኝ።